በአርብ ገበያ የተራገፈው ከረጢት

ፎቶ አንሺው አቶ ቸኮል ዐረፉ። መካነ ኢየሱስ በገዛ ቤታቸው፣ ቅዳሜ ጧት፣ ፀሐይ ደጃፋቸውን ስትነካ ነው አሉ። ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ጎረቤቴ ከአጥሯ ላይ ብቅ ብላ «እትዬ የሻረግ፣ እኒያ ሣጥናቸውን በአህያ ጭነው ይዞሩ የነበሩት ሰውዬ ዐረፉ አሉ» አለችኝ። ምርኩዜን አጥሩ ላይ አስደግፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። «ያውቋቸው ነበር እንዴ?» አለችኝ። «አውቃቸው ነበር» አልሁ።

አርባቸው ሲቃረብ የልጅ ልጆቼና የሰፈሩ ወጣቶች ተሰብስበው መጡና «አያቴ፣ በጉብዝናቸው ያወቃቸው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው። ንገሪንና እንጻፈው» አሉኝ። እኔም «እናንተ አትድከሙ፤ እኔው እጽፈዋለሁ» አልኋቸው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም በምትባለው አገራችን፣ አባቴ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቆጥሩ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ጥጥ እየፈተልሁ ነው። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ፣ ነገሬም ከመንገድ ወጥቶ ቢመለስ፣ የምታነቡ ሁሉ ታገሡኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ የዞርሁ ሴት ነኝ፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ነው።

ታናሹ የልጅ ልጄ ስልኩን ከኪሱ አወጣና «ለፎቶ ይቺ ብቻ ትበቃለች። እሳቸው ያን ሁሉ ኮተት ለምን ይሸከሙት ነበር?» ብሎ ሳቀ። እንግዲያው ከኮተቱ ልጀምር።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። እኔ ጨውና በርበሬ ይዤ ከገበያ ገበያ የምዞር ወጣት ሴት ነበርሁ። ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ እውላለሁ፤ ከዚያ ወደ ስማዳ እወርዳለሁ፤ ከስማዳ ወደ እስቴ እሻገራለሁ። አቶ ቸኮልም መንገዳቸው ይኸው መንገድ ነበር። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያያቸው የለም። ጧት ጧት፣ ከመነሣታችን በፊት፣ የከረጢታቸውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጡ፣ እያገላበጡ አይተው፣ መልሰው ይከቱታል። እኛ ነጋዴዎቹ አህዮቻችንን ጭነን ቆመናል። «ኧረ አያ ቸኮል፣ ፀሐይ ወጣች!» እንላቸዋለን። «ትውጣ እንጂ! እኔስ ያለ እሷ ምን ሠርቼ ልበላ ነው?» ይሉናል።

ሣጥኗ የምትጫነው በአህያ ነው። ሦስት እግር ያላት የእንጨት የፎቶ ማንሻ ሣጥን ናት። ከፊቷ አንድ ዓይን፣ ከጎኗ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ጥቁር የጨርቅ እጅጌ አላት። ገበያተኛው «ባልቴቷ» ይላት ነበር። በሆዷ ውስጥ ፎቶውን የሚያወጣ መድኃኒት የተሞሉ ሁለት ሳህኖች ተቀምጠዋል። አቶ ቸኮል ሰውየውን ካስቀመጡና ዓይኗን ከፍተው ከዘጉ በኋላ፣ ክንዳቸውን በእጅጌው አስገብተው፣ ወደ ሰማይ እያዩ በዳበሳ ይሠራሉ። «ምን ያያሉ እዚያ?» ሲሏቸው «አዋላጅ በእጁ ነው የሚያየው» ይሉ ነበር።

ከሣጥኗ መጀመሪያ የምትወጣው «ጥቁሯ» የምንላት ወረቀት ናት። በእሷ ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጧል፤ ፊቱ ይጠቁራል፣ ፀጉሩ ይነጣል። ያቺኑ ጥቁር መልሰው ከሣጥኗ ዓይን ፊት ያቆሟትና እንደ ሰው ያነሷታል። ያን ጊዜ ነጯ፣ ሰው ሰው የምትመስለው፣ ትወለዳለች።

ከረጢቷ ግን ከትከሻቸው አትወርድም ነበር። የፍየል ቆዳ ናት። ከሁሉ ቀድማ ሚዶ ትወጣለች፤ እንደ እናት እጅ የለሰለሰች የእንጨት ሚዶ። «ፎቶ የሚያነሳው ሣጥኗ አይደለችም፤ ሚዶዋ ናት» ይሉ ነበር። የተሰበረች መስታወት፣ መርፌና ክር፣ ሕፃን ቀና የሚያደርጉባት ትንሽ ቃጭል። መድኃኒቱ በእጃቸው ላይ የተወውን ሽታ የሚያጥቡበት ሎሚ። ዳዊታቸው፣ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ። ከዚያ ደግሞ ኮቱ።

ስለ ኮቱ ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ጥቁር ኮት ነበራቸው፤ ሦስተኛ ቁልፉ የወለቀ። ፎቶ የሚነሣ ወንድ ሁሉ እሱን ይለብሳል፤ ለረጅሙ ያጥራል፣ ለአጭሩ ይረዝማል። ዛሬም በጋይንትና በስማዳ የድሮ ቤት ግድግዳ ላይ የሽማግሌ ፎቶ ካያችሁ ደረቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌለ የአቶ ቸኮል ሥራ ነው። «አያ ቸኮል፣ ቁልፉን ለምን አይተክሉትም? መርፌው እንደሆን አለዎት» ብላቸው፣ «ብተክለው ኮቱ የማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል» አሉኝ።

ለሴቱ ደግሞ በእንዶድ የታጠበች ነጭ ነጠላ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ስማዳ ላይ እንቅርት ያለባት ሴት መጣች። ልጇ ሩቅ አገር ወታደር ቤት ነው፤ ፊቷን ልትልክለት ፈልጋለች፤ ግን ሣጥኗ ፊት ስትደርስ አንገቷን በእጇ ሸፍና ወደ ኋላ አለች። «ይቅርብኝ ጌታዬ፤ አንገቴ ያስፈራል» አለች። አቶ ቸኮል ነጠላዋን አወጡና ራሳቸው አለበሷት፤ ጥለቱን አጥፈው በአገጯ ሥር አሳለፉት። «አንገትሽን ለኔ ተዪው። አንቺ ዓይንሽን ብቻ ስጪኝ» አሏት። ፎቶው ሲወጣ ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየችውና «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለች። «እንዲህ ነሽ» አሏት።

እኔ ውኃ እቀዳላቸው ነበር። «ድፍርስ ውኃ ድፍርስ ፊት ያወጣል» ስለሚሉ፣ በርበሬዬን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብዬ ከምንጭ በባልዲ አመጣላቸዋለሁ። እሳቸውም ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተማሩኝ፤ ከከረጢቱ ግርጌ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ጥቅል አለ፤ እሱ ከሣጥኗ ሆድ ውጪ አይከፈትም። ፎቶ የሚሆነው ባዶ ወረቀት ነው፤ ብርሃን ካየ ያበቃለታል። ጎንደር ከተማ ያለ ወዳጃቸው ነው የሚልክላቸው፤ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር መጣሁ።

ያን ጊዜ አገራችን ጥቁሯን አይወድም ነበር። ለምን ብትሉ፣ ነጩ ነጠላ በእሷ ላይ የሐዘን ከል ይሆናል። ጤነኛ ሰው ከል ለብሶ፣ ሸብቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ራሱን ሲያይ «ሟርት ነው» ይላል። ደግሞም «ጥላዬን ይዘውብኝ ይሄዳሉ፤ ጠንቋይ እጅ ይገባል» ይላል። ስለዚህ የተነሣ ሁሉ ጥቁሯን ተቀብሎ፣ ቆሎ ከምትቆላዋ ሴት ምድጃ ወስዶ ያቃጥላታል። አቶ ቸኮል «ነጯን ዝናብ ይመታታል፣ አይጥ ይበላታል። ጥቁሯ ካለች ግን መልሳ ትወልድላችኋለች» እያሉ ይለምናሉ። የሚሰማቸው የለም። ጥቁሯን ይሰጣሉ፤ ጭሱን አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ።

አባቴ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። የድጓ መምህር ናቸው፤ ስንቱን አስተምረው የሸኙ። አቶ ቸኮል ቤተ ልሔም በመጡ ቁጥር ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው «የኔታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ይሏቸዋል። አባቴም «ልጄ፣ ይኸን ፊት የሠራው ያውቀዋል። ለማን ልተወው?» ይላሉ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ አቶ ቸኮል «ለተማሪዎችዎ ይተዉት የኔታ፤ እነሱ አልጠገቡዎትም» ቢሏቸው፣ አባቴ «የፊታችን እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ና» አሏቸው። አቶ ቸኮል በደስታ መሬት ሳሙ። «ጥሩ ጥሩውን ወረቀት ለየኔታ ለይቼ አኖራለሁ» አሉኝ።

ከዚያ እሑድ በፊት ያለው ዓርብ ነው እንግዲህ ነገሩ የሆነው።

ልጄ ትርንጎ ዐሥር ዓመቷ ነበር። በጥር ስማዳ ልትዳር ቀኗ ተቆርጧል፤ የዘመኑ ነገር ነው፣ እኔም እንደሷ ነው የተዳርሁት። ፊቷ እንዲቀርልኝ ብዬ አርብ ገበያ ይዣት ሄድሁ። አቶ ቸኮል ጋሜዋን በሚዶ አበጠሩላት፤ ቃጭሏን አቃጨሉላት፤ ሳቀች። ጥቁሯ ወጣች፤ ከእሷም ነጯ ተወለደች። ሁለቱንም ባልዲው ውስጥ ጨመሯቸው።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥቁሯን አየኋት። ለሠርጓ ሳምንታት የቀሯት ልጄ ከል ለብሳ፣ ጋሜዋ ሸብቶ፣ ከውኃው ሥር ሆና ታየኛለች። የስንቱን ጥቁር ሲታጠብ ያየሁ ሴት፣ የልጄ ሲሆን ግን ማየት አቃተኝ።

«ጥቁሯን ይስጡኝ፤ ላቃጥላት» አልሁ።

«የሻረግ! አንቺ እንኳ?» አሉኝ። «ውኃዬን የምትቀጂው አንቺ? ልጅሽ ልትሄድብሽ ነው እኮ። ነጯ ብትጠፋ መልሳ የምትወልድልሽ ይቺው ናት። እባክሽ አኑሪያት። ከፈራሽ እኔ ላኑርልሽ።»

«ወግዱ! የልጄን ጥላ ማንም ይዞ አይዞርም» አልሁና ከምድጃው ቦታ እንድትሰጠኝ ለቆሎ ቆይዋ ልነግር ሄድሁ። ስመለስ ባልዲው ውስጥ ነጯ ብቻ ናት።

«ጥቁሯስ?» አልሁ።

አቶ ቸኮል ሚዶውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «እኔ ዘንድ የለችም፣ እቴ» አሉኝ።

ልቤ ደም ሞላ። ‘ላኑርልሽ’ ብለው የጠየቁኝ እሳቸው አይደሉም? ጮኽሁ። «ኧረ ሰው! የልጄን ጥላ ወሰዱብኝ!» ገበያው ጨዋታውን ትቶ ከበበን። አንድ በሬ ሊሸጥ የመጣ ጉልቤ «እኔም ብያለሁ! ለጠንቋይ ነው የሚያቀብለው» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ «ቆይ እንጂ፤ ልጅቷ ባልዲው አጠገብ ነበረች፤ መጀመሪያ እሷን ጠይቋት» አለች።

ያን ጊዜ አቶ ቸኮል ጮኹ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «ልጅቷን ተዉ! ከረጢቱ የኔ ነው፤ እኔን ፈትሹ!» አሉና ከረጢቷን ከትከሻቸው አውርደው ለእኔ ዘረጉልኝ።

ዘቅዝቄ አራገፍሁት። ሚዶዋ ብቻ አልወደቀችም፤ እሷ አሁንም በእጃቸው ነበረች። መስታወቷ ወድቃ እንደገና ተሰበረች። ሎሚዎቹ እየተንከባለሉ በሰው እግር መካከል ገቡ። ኮቱ ሲወጣ አንዱ «ኧረ ይኸ ኮት የኔ ነው፤ ለብሼው ፎቶ አለኝ!» ቢል ሌላው «የኔም ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳዊቱን አንስቼ ገጽ በገጽ አራገፍሁ፤ የተባረከውን መጽሐፍ እንደ ጆንያ። የለችም። ቀረ ጥቁሩ ጥቅል።

አቶ ቸኮል ተንበረከኩ። «የሻረግ፣ እሱን ብቻ ተዪልኝ። ፀሐይ ካየው ያልቃል። የአባትሽ ወረቀት እዚያ ውስጥ ነው።»

እኔ ግን ‘እዚሁ ነው የደበቋት’ አልሁ በልቤ። የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ማንም ባያውቅ እኔ አውቅ ነበር። ቀደድሁት።

ወረቀቶቹ በመሬቱ ላይ ፈሰሱ። ነጭ፣ ባዶ፣ ማንም የሌለባቸው። ከዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ ዓይናችን እያየ ቀስ በቀስ እንደ ተመታ ገላ እየበለዙ መጡ። ጉልቤው ወደ በሬው ተመለሰ። ሌላውም አንድ ሁለት እያለ ሄደ። አቶ ቸኮል ዕቃቸውን ከአፈሩ እያራገፉ ለቀሙ። ሲጨርሱ ነጯን ከባልዲው አወጡና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በእጄ አስያዙኝ። «ዝናብ እንዳያገኛት» አሉ።

እሑድ አባቴ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ቆሙ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቁ። «ያ ልጅ ቀረ?» አሉኝ። «ቀረ» አልሁ። ለምን እንደ ቀረ አልነገርኋቸውም። ወረቀቱ ከጎንደር እስኪመጣ ሁዳዴ ገባ፤ አባቴ የዚያን ዓመት ትንሣኤ አልደረሱም። በለቅሶው ሜዳ ላይ ተማሪዎቻቸው መቋሚያቸውንና ጥምጥማቸውን ከፍ አድርገው ያዙ፤ የሚይዙት ፊት አልነበረም። ዛሬ የአባቴን ፊት የሚያስታውስ ሰው ብትፈልጉ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አንዳንድ ቀን ቅንድባቸው ይጠፋብኛል።

አቶ ቸኮል ለቅሶ መጥተው ነበር። ሣጥኗን ሳይዙ፣ ከሰው ኋላ ቆመው። አየኋቸው። ፊቴን አዞርሁ።

ከዚያ ወዲያ አርብ ገበያ አልቆሙም። እኔም ‘በሚቀጥለው ገበያ አገኛቸውና እግራቸው ላይ እወድቃለሁ’ እያልሁ ገበያው ገበያን ወለደ። ግማሽ ልቤ በድያለሁ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ‘ታዲያ ጥቁሯ የት ገባች?’ ይላል። ያ ግማሹ ነው የያዘኝ። ነጯንም እንዳሉት ክረምት አገኛት፤ ጣሪያው አፈሰሰና የትርንጎ ፊት ታጥቦ ሄደ። ጃንሆይ ወርደው፣ ዘመን ተለውጦ፣ አቶ ቸኮል መካነ ኢየሱስ ቤት ሠርተው ተቀመጡ አሉ። አንድ ጊዜ በደጃፋቸው አለፍሁ። በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ኮቴዬን ሰምተው «ማነው?» አሉ። ‘የሻረግ ነኝ’ ማለት ነበረብኝ። «መንገደኛ ነኝ» አልሁ። «ታዲያ ውኃ ጠጪና እለፊ» አሉኝ። አልጠጣሁም። አለፍሁ።

አያ ቸኮል፣ እንግዲህ አንቱን ላናግር። በቁምዎ ያልነገርሁዎትን ዛሬ በወረቀት እነግርዎታለሁ፤ ወረቀት እንደሆን ይወዱ ነበር። ያራገፍሁብዎትን ከረጢት አንድ በአንድ መልሼ ስከተው ሰነበትሁ፤ ሚዶዋን፣ ቃጭሏን፣ ቁልፍ የሌለውን ኮት። ጥቅሉን ግን ምን አድርጌ እመልሰዋለሁ? እዚያ በደረሱበት አባቴን ካገኟቸው፣ ያን እሑድ የቀሩት በእኔ ምክንያት መሆኑን ይንገሩልኝ። ነጋዴዎቹ አህያ ጭነው ቢጠብቁዎትም አይቸኩሉ። ደህና ይግቡ፣ አያ ቸኮል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሠልስትዎ ትርንጎ ከስማዳ መጣች። አሁን ራሷም አያት ናት። ከድንኳኑ ጥግ አጠገቤ ተቀመጠችና ከብብቷ ሙዳይ አወጣች፤ ከሙዳዩ ውስጥ የተጠቀለለች ጨርቅ፣ ከጨርቋ ውስጥ ጥቁሯን። ከል የለበሰች፣ ፀጉሯ የነጣ ልጅ። ቀና ብዬ ትርንጎን አየኋት፤ ለእርስዎ ከል ለብሳለች፣ ፀጉሯም ነጥቷል። ቁርጥ ራሷን ናት።

«ልታቃጥያት ስትሄጂ እኔን የምታቃጥይኝ መሰለኝ» አለችኝ። «ከባልዲው አውጥቼ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኋት።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስማቸው ሲነሣ ከቤት ትወጪ ነበር፣ እማዬ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀረውን ነገረችኝ። ስትሸጉጣት ቀና ብትል ዓይን ለዓይን ተገጣጥማችኋል። ምንም አላሏትም። ሚዶዋን አንስተው፣ የተበተነ ጋሜዋን አበጠሩላት፤ እኔ ከምድጃው ስመለስ ያገኘሁዎት ያን አድርገው ገና ሲጨርሱ ነው። ከረጢቱን የዘረጉልኝ አይተዋት ነው።